ሁለት ዙር ለአንድ ዙር፦ ከታይሚንግ ሰንሰለት ጀርባ ያለው ታሪክ

አርጆ ውስጥ አንድ ጋራዥ ደጃፍ ላይ ቆማችኋል እንበል። መካኒኩ አዲስ የታይሚንግ ሰንሰለት ገጥሟል። ግን ቁልፍ አዙሮ ከማስነሳቱ በፊት፣ በመፍቻ ሞተሩን ቀስ እያለ በእጁ ያዞረዋል። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር። ከዚያ ምልክቶቹን ያያል። ለምን ሁለት? አንድ አይበቃም እንዴ?

መልሱ ወደ 150 ዓመት ገደማ ወደኋላ ይወስደናል። እ.ኤ.አ. በ1876 ጀርመናዊው ኒኮላውስ ኦቶ ባለ አራት ምት ሞተር ሠራ። ፒስተኑ ወርዶ አየርና ነዳጅ ይስባል፤ ወጥቶ ያምቃል፤ ነዳጁ ሲቃጠል ተገፍቶ ይወርዳል፤ እንደገና ወጥቶ ጭሱን ያስወጣል። ሁለቴ ወረደ፣ ሁለቴ ወጣ፤ ክራንክሻፍቱ ሁለት ዙር ዞረ ማለት ነው። እያንዳንዱ ቫልቭ ግን በዚህ ሁሉ ጊዜ የሚከፈተው አንዴ ብቻ ነው። ስለዚህ ቫልቮቹን የሚከፍተው ካምሻፍት በግማሽ ፍጥነት መዞር አለበት። ዘዴው ቀላል ነው፦ የክራንክሻፍቱ ማርሽ 18 ጥርስ ካለው፣ የካምሻፍቱ 36 ይሆናል።

በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ከጅቡቲ ተነስቶ ለአፄ ምኒልክ ያመጣው መኪናም ሞተሩ በዚሁ የአራት ምት ሕግ የሚሠራ ነበር።

ሁለቱን ዘንጎች ማን ያገናኛቸው? አንዱ መንገድ ጥርስ ለጥርስ የገጠሙ ማርሾች ናቸው። ሌላው ሰንሰለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1880 ስዊዘርላንድ የተወለደው ሃንስ ሬኖልድ ማንቸስተር ውስጥ የሠራው ሰንሰለት ለፋብሪካ ማሽን፣ ለብስክሌት፣ በኋላም ለሞተር መንገድ ከፈተ። የአዲስ አበባን ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲዎች አስታውሱ። የመጀመሪያው ላዳ የተቀዳው ከጣልያኑ ፊያት 124 ነው። ፊያት ካምሻፍቱን ከታች ነበር ያስቀመጠው፤ ሶቪየቶቹ ግን ጋራዥ ቤት «ቴስታታ» ወደምንለው ክፍል አወጡት። ርቀቱ ሲሰፋ ረጅም ሰንሰለት ግድ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1962 ደግሞ የጀርመኑ ግላስ መኪና ጥርስ ያለው የጎማ ቤልት ይዞ መጣ፤ ቤልት ርካሽና ድምፁም ዝቅ ያለ ነው። ሰንሰለት ግን አልጠፋም፤ ዛሬ በየመንገዱ የምታዩት ቪትዝ የሚጠቀመው ሰንሰለት ነው።

ሰንሰለት ታዲያ ለምን ይቀየራል? «ተለጠጠ» ሲባል ብረቱ እንደ ላስቲክ ተስቦ አይደለም። በየመጋጠሚያው ያሉት ትንንሽ ፒኖች ጥቂት በጥቂት ይበላሉ፤ ሲደመር ሰንሰለቱ ይረዝማል። ዘይት በጊዜው ካልተቀየረ ይህ ይፈጥናል። ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ የሚሰማው መንኳኳት አንዱ ምልክት ነው።

አሁን ስሌቱን እንሥራ። 36 ጥርስ ባለው ማርሽ ላይ አንድ ጥርስ መሳት 360 ሲካፈል ለ36፣ ማለትም 10 ዲግሪ ነው። በክራንክሻፍቱ ሲለካ እጥፍ፣ 20 ዲግሪ! ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ ይንተፋተፋል። ስህተቱ ከዚህ ከበለጠ፣ በብዙ ሞተሮች ፒስተኑ ወጥቶ ያልተዘጋ ቫልቭ ይመታል፤ ቫልቩም ይጎብጣል። ለአርጆ ሾፌር ይህ ማለት ቴስታታ ማስፈታት፣ ዕቃ ከነቀምት ወይም ከአዲስ አበባ ማስመጣት፣ ያለ ሥራ መዋል ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ነው መካኒኩ የማይቸኩለው። አንደኛውን ፒስተን ጫፍ ላይ ያደርሳል፣ የሁለቱን ማርሾች ምልክት ያስተካክላል፣ መወጠሪያውን ይለቃል፣ ከዚያ ሁለት ዙር። ኦቶ የተወልንን አንድ ሙሉ ዑደት በእጁ እየፈተሸ ነው። መሃል ላይ ጠንከር ያለ ነገር ከያዘው ያቆማል እንጂ አያስገድድም። ጀማሪዎችን የሚያስደነግጥ አንድ ነገር አለ፦ ከሁለት ዙር በኋላ የማርሾቹ ምልክት ቦታው ሲመለስ፣ ቀለም የተቀቡት የሰንሰለቱ ዓይኖች ግን አይመለሱም። አትደንግጡ። የሰንሰለቱ ዓይኖች ቁጥር ከማርሾቹ ጥርስ ይለያል፤ እነሱ እንደገና እስኪገጥሙ ብዙ ዙር ይፈጃል። የሚታመነው የማርሾቹ ምልክት ነው።