የመረጃ ቋትና መተግበሪያ ፕሮግራም የሚገናኙበት መንገድ

ተዛማጅ የመረጃ ቋት (ሪሌሽናል ዳታ ቤዝ) መረጃን በጋራ መለያ ቁጥር እርስ በርስ በሚገናኙ ሠንጠረዦች የሚያስቀምጥ ሥርዓት ነው። ሐሳቡን እ.ኤ.አ በ1970 ባሳተሙት ጽሑፍ ያቀረቡት በአይ ቢ ኤም ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ኤድጋር ኮድ ሲሆኑ፣ ቋቱ የሚታዘዝበት ኤስ ኪው ኤል የተሰኘው ቋንቋም በዚያው ኩባንያ የተወጠነ ነው።

አብዛኛው የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ይህን ቋንቋ በዓይኑ አያየውም። የሠራተኛ መለያ ቁጥር አስገብቶ «ፈልግ» የሚለውን ሲጫን፣ መተግበሪያ ፕሮግራሙ ከቋቱ ጋር ግንኙነት ከፍቶ «ሴሌክት» የተባለውን ትእዛዝ ይልካል፤ ቋቱም ተፈላጊውን መረጃ ይመልሳል። ለመጨመር «ኢንሰርት»፣ ለማሻሻል «አፕዴት»፣ ለመሰረዝ «ዲሊት» ያገለግላሉ።

ዋናው ጉዳይ ተጠቃሚው የጻፈው ቃል ከትእዛዙ ጋር የሚጣመርበት መንገድ ነው። ቃሉን እንዳለ ከትእዛዙ ጋር የሚቀጥል ፕሮግራም አደጋ አለው። ለምሳሌ ጸጋአብ የሚለውን ስም በላቲን ፊደል ሲጽፉ መካከሉ ላይ ነጠላ ጥቅስ የሚያስገቡ አሉ። ይህ ምልክት ግን በኤስ ኪው ኤል የጽሑፍን ማብቂያ ስለሚያመለክት ትእዛዙ ይበላሻል። ይህ ያለ ተንኮል የሚደርስ ነው፤ ተንኮል ያሰበ ሰው ደግሞ ከምልክቱ አስከትሎ የራሱን ትእዛዝ ይጽፋል። እ.ኤ.አ በ2015 ቶክቶክ በተባለው የብሪታንያ የቴሌኮም ኩባንያ ላይ በዚሁ ስልት በተፈጸመ ጥቃት የ157 ሺህ ያህል ደንበኞች መረጃ የተወሰደ ሲሆን፣ የአገሪቱ የመረጃ ኮሚሽነር ጽሕፈት ቤት በ2016 ኩባንያውን 400 ሺህ ፓውንድ ቀጥቷል።

መከላከያው ትእዛዙንና እሴቱን ለያይቶ መላክ ነው። ትእዛዙ ለእሴቱ ክፍት ቦታ ተትቶለት አስቀድሞ ይዘጋጃል፤ በኋላ የሚገባውን ቃል ቋቱ እንደ ተራ መረጃ እንጂ እንደ ትእዛዝ አይቆጥረውም። በጃቫ፣ በፒ ኤች ፒም ሆነ በፓይተን ይህን ማድረግ የተለየ ወጪ ስለማይጠይቅ፣ ሶፍትዌር የሚያሠራ መሥሪያ ቤት በውል ሰነዱ ላይ እንደ ግዴታ ቢያሰፍረው ተገቢ ይሆናል።

ማሻሻያ ከጥያቄ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። «ዌር» የተሰኘው ገደብ ከተዘነጋ፣ የአንድ ሠራተኛን ደመወዝ ለመቀየር የተላከ ትእዛዝ የሁሉንም ይቀይራል። በበጀት ዝውውር ጊዜም ከአንዱ የሒሳብ መደብ ተቀንሶ ወደ ሌላው ሳይደመር ኤሌክትሪክ ሊቋረጥ ይችላል። በመሆኑም ሁለቱ ትእዛዞች «ትራንዛክሽን» በተባለ አንድ ጥቅል ይታሰራሉ። ፕሮግራሙ የተለወጡትን ረድፎች ብዛት ከቋቱ ተቀብሎ ትክክለኛነቱን ሲያረጋግጥ «ኮሚት» በማለት ያጸድቃል፤ አለዚያ «ሮልባክ» በሚለው ትእዛዝ ሒሳቡን ወደነበረበት ይመልሳል።