ቁጥር የማይቀበሉ ስሞች

ገንዘብ ይቆጠራል፤ የባንክ ገንዘብ ከፋይ ቀኑን ሙሉ ሲቆጥር ይውላል። በእንግሊዝኛ ሰዋስው ግን «መኒ» የማይቆጠር ስም ነው፤ «ቱ መኒስ» አይባልም። «ዶላር» ደግሞ ይቆጠራል፤ አንዱ «ኤ ዶላር»፣ ሁለቱ «ቱ ዶላርስ» ነው። በእጅ የተያዘው ያው ገንዘብ ሆኖ ሳለ ስሞቹ የሚገዙበት ሕግ ይለያያል።

«ካውንተብል ናውን» በአማርኛ «ተቆጣሪ ስም»፣ «አንካውንተብል ናውን» ደግሞ «የማይቆጠር ስም» ይባላል። ትርጉሙ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ተማሪውን ዕቃው ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም ወደሚል ሐሳብ ይመራዋል። «ቁጥር የማይቀበል ስም» ቢባል ጉዳዩ ይበልጥ ይጠራ ነበር። ቁጥር የሚቀበል ስም ነጠላ ሲሆን «ኤ» ወይም «አን» ይቀድመዋል፤ ሲበዛ አብዛኛውን ጊዜ «ኤስ» ይከተለዋል። የማይቀበለው ሁለቱንም አይፈልግም፤ ግሱም ከነጠላ ጋር እንደሚሆነው ይሆናል።

ዴንማርካዊው የቋንቋ ሊቅ ኦቶ የስፐርሰን እ.ኤ.አ. በ1924 በታተመው የሰዋስው ፍልስፍና መጽሐፉ ለእነዚህ ስሞች «ማስ ወርድስ» የሚል መጠሪያ ሰጥቷቸዋል። እንደ ውሃና ብር ያሉ ቁሶችን ብቻ ሳይሆን እንደ ሙዚቃ ያሉ የማይዳሰሱ ነገሮችንም በዚሁ መደብ አስገብቷል።

ታዲያ መደቡን የሚወስነው የነገሩ ተፈጥሮ ነው? እህሎቹ አይደለም ይላሉ። ስንዴ፣ «ዊት»፣ ቁጥር አይቀበልም፤ አጃ ግን «ኦትስ» ተብሎ በብዙ ቁጥር ይነገራል። የአተር ታሪክ ደግሞ ከዚህም ይገርማል። በቀድሞው እንግሊዝኛ አተር «ፒዝ» ነበር፤ መጨረሻው ላይ ያለው «ዝ» የቃሉ አካል እንጂ የብዛት ምልክት አልነበረም። ተናጋሪዎች ግን የብዛት ምልክት መሰላቸውና ቆረጡት፤ በ17ኛው መቶ ዘመን ለአንዷ ፍሬ «ፒ» የሚል አዲስ ነጠላ ተገኘ።

አማርኛ ተናጋሪውን የሚያስቸግሩት በተለይ «ኢንፎርሜሽን»፣ «አድቫይስ» እና «ፈርኒቸር» ናቸው። በአማርኛ መረጃዎች፣ ምክሮች፣ የቤት ዕቃዎች ማለት የተለመደ ስለሆነ ምላሱ «አድቫይስስ» ለማለት ይፈጥናል። እንግሊዝኛው ግን በመካከል መስፈሪያ ያስገባል፤ «ኤ ፒስ ኦፍ አድቫይስ» ይላል። «ብዙ»ም ሌላ እንቅፋት ነው። በአማርኛ ለሰውም ለውሃም አንድ «ብዙ» ይበቃል፤ በእንግሊዝኛ ለሰው «ሜኒ»፣ ለውሃ «መች» ያስፈልጋል።

ስለዚህ አዲስ ስም ሲጠና መደቡም አብሮ መያዝ አለበት። ለተማሪዎች የተዘጋጁ መዝገበ ቃላት ተቆጣሪውን በ«ሲ»፣ የማይቆጠረውን በ«ዩ» ፊደል ያመለክታሉ። አንዳንድ ቃል ሁለቱንም ይዞ ይገኛል፤ ያን ጊዜ ትርጉሙም አብሮ ይለወጣል። «ኤክስፒሪየንስ» በ«ዩ» ሲሆን የሥራ ልምድ ነው፤ በ«ሲ» ሲሆን ገጠመኝ ነው። በሥራ ማመልከቻ ላይ «ሜኒ ኤክስፒሪየንስስ» ብሎ የጻፈ ሰው ብዙ ልምድ አለኝ ማለቱ ቢሆንም፣ አንባቢው የሚረዳው ብዙ ነገር እንደገጠመው ነው።