የኦምዱርማን ጉልላትና የመተማ ትዝታ

ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ጦርነት እስኪቀሰቀስ ድረስ፣ በካርቱም የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በዕረፍት ቀናቸው በዓርብ ከወዳጆቻቸው ጋር የከተማይቱን መናፈሻዎችና ታሪካዊ ሥፍራዎች ይጎበኙ ነበር (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዘመኑ የተቆጠረው እንደ አውሮፓውያን ነው)። ለአንድ ቀን ጉብኝት የሚመቸው መንገድ ጥቁር ዓባይና ነጭ ዓባይ ከሚገናኙበት ከሞግራን ተነሥቶ፣ በኋላ በጦርነቱ በተዘረፈው በብሔራዊ ሙዚየም በኩል አልፎ፣ ድልድዩን ተሻግሮ ኦምዱርማን ይደርስ ነበር። ኢትዮጵያዊ ጎብኚ የራሱን ታሪክ የሚያገኘው በዚሁ በመጨረሻው ሥፍራ ነው።

በኦምዱርማን መካከል የማህዲ መቃብር ጉልላት ይታያል። ሙሐመድ አሕመድ አል ማህዲ በጃንዋሪ 1885 ካርቱምን ያዘ፤ ጄኔራል ጎርደንም በዚያው ዕለት ተገደለ። ማህዲ ግን ከአምስት ወር በኋላ ስለ ሞተ፣ ተተኪው ኸሊፋ አብዱላሂ ኦምዱርማንን መናገሻው አድርጎ መቃብሩን አሠራ። ያንን ጉልላት በ1898 የኪችነር መድፍ አፈራርሶታል፤ የአሁኑ የተሠራው በ1947 ነው። በአቅራቢያው ያለው የኸሊፋው መኖሪያ ከ1928 ጀምሮ ሙዚየም ሆኗል።

ኢትዮጵያ ከዚህ መንግሥት ጋር የተጋጨችው በሌሎች ጉዳይ ነበር። አፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1884 በዓድዋ ከእንግሊዝና ከግብፅ ጋር በተፈራረሙት ውል፣ ደርቡሾች የከበቧቸው የግብፅ ወታደሮች በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጡ ለመርዳት ተስማሙ። በምላሹ ቦጎስ እንዲመለስና በምጽዋ በኩል ንግድ በነፃ እንዲተላለፍ ቃል ተገባላቸው። ሆኖም በ1885 ጣልያን በእንግሊዝ ይሁንታ ምጽዋን ያዘች፤ የደርቡሾቹ ጠላትነት ግን ለኢትዮጵያ ተረፈ። በጃንዋሪ 1888 የሐምዳን አቡ አንጃ ጦር ጎንደርን አቃጠለ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ፣ አውሮፓውያን የሁለታችንም ጠላቶች ናቸውና እንታረቅ የሚል መልእክት ቢልኩም ተቀባይነት አላገኘም። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ውጊያው ወደ ኢትዮጵያውያን ሲያደላ አፄ ዮሐንስ በጥይት ቆሰሉ፤ ብዙም ሳይቆዩ ዐረፉ። ራሳቸውም ተቆርጦ ኦምዱርማን ላይ ለሕዝብ ታየ።

ከዚህ ደም መፋሰስ የተጠቀመው ሦስተኛ ወገን ነው። ጣልያን በዚያው ዓመት አስመራን ያዘች። መተማ ላይ ምርጥ ጦሩ የሳሳበት ኸሊፋም በ1898 ከረሪ ላይ በእንግሊዝ መትረየስ ተሸነፈ። ከዓድዋ ድል በኋላ አፄ ምኒልክና ኸሊፋው መልእክተኞች ቢለዋወጡም ጊዜው አልፎ ነበር።

ካርቱም ግን የቁስል መታሰቢያ ብቻ አይደለችም። በ1940 ስደተኛው አፄ ኃይለ ሥላሴ ወደ አገራቸው ለመመለስ የተዘጋጁት በዚያ ነበር፤ ጃንዋሪ 20 ቀን 1941 በኦሜድላ ድንበሩን ተሻገሩ። በ2023 ደግሞ ሱዳናውያንና ኢትዮጵያውያን ከካርቱም ጦርነት ሸሽተው አብረው የገቡት በመተማ በኩል ነው። በ1881 ዓ.ም. ሁለቱ ሕዝቦች የተላለቁበት በር፣ ከ134 ዓመት በኋላ የሁለቱም መሸሸጊያ ሆነ።