የቅኔ ቤት ተማሪ አስተዳደግ

የዛሬ ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪውን ኑሮና ጠባይ የሚከታተል ክፍል ከትምህርቱ ለይተው ያቋቁማሉ። በዋሸራ፣ በጎንጅና በዋድላ የቅኔ ጉባኤዎች ግን ሁለቱ ተለያይተው አያውቁም፤ የእነዚያ ጉባኤያት ትልቁ ጥንካሬም ይኸው ይመስለኛል። የመዝሙረ ዳዊትን ንባብ ጨርሶ ከቀዬው የወጣ ወጣት ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጃፍ ደጃፍ ቁራሽ ይለምናል። ውሻ ይከላከላል፣ የባላገሩን ፊት ያያል፤ የደህና ቤተሰብ ልጅ መሆንም ከዚህ አያስጥልም። ያገኘውን ጎጆው ገብቶ ከባልንጀሮቹ ጋር ይካፈላል። ዱር ለዱር እየዞረ የቆጠረውን ቅኔ ደግሞ ለመምህሩ ወይም ለበሰለው አስነጋሪ ይነግራል፤ ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ እስኪደርስ ይታረማል፣ ይታረማል።

ይህ ሁሉ ሽምደዳ ነው የሚሉ አሉ። ስለ ዳዊት ንባብ ቢባል ያስኬዳል፤ ቅኔ ግን ትናንት የተባለውን መድገም አይፈቅድም። ተማሪው በየቀኑ አዲስ ምሥጢር ማፍለቅ፣ ጓደኛው ሲበልጠውም ሳይከፋው መስማት ነበረበት። ትሕትናውን የሚያስተምረው ስብከት ብቻ ሳይሆን ይህ የዕለት ልምምድ ነው። የሚከብደው ወቀሳ ሌላ ነው፦ ረኀብና ወረርሽኝ ብዙ ልጆችን ቀጥፏል፤ በሩም ለሴቶች ዝግ ነበር ማለት ይቻላል። ይህን ማድበስበስ አይገባም። ሆኖም ሴቶችን ያገደው የቅኔው ባሕርይ አልነበረም፤ ጎጃም ውስጥ ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ከአባታቸው ቅኔ ተምረው፣ ወንበር ዘርግተው ወንዶቹን አስተምረዋል።