ወይ ፍቀድ ወይ ክፈል

ለእንግሊዝኛው «consent or pay» «የስምምነት ወይም ክፍያ ሞዴል» የሚል ሐረግ በየጽሑፉ መግባት ጀምሯል። ስለ ሜታና ስለ አውሮፓ ኅብረት ክርክር የሚጽፈው ሁሉ ሳያላምጥ እየተቀባበለው ነው። ሐረጉ የቤት ኪራይ ውል ይሸታል።

ነገሩን አንባቢ ሳይሰማው አልቀረም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 ሜታ በአውሮፓ ባሉ የፌስቡክና የኢንስታግራም ተጠቃሚዎቹ ፊት ሁለት ምርጫ ደቀነ። አንዱ በኮምፒውተር 9.99፣ በስልክ 12.99 ዩሮ በየወሩ ከፍሎ ከማስታወቂያ መገላገል ነው። ሌላው ሳይከፍሉ መቀጠል ነው፤ የነኩትና ያዩት ሁሉ ተለቅሞ፣ ማስታወቂያው በልካቸው እየተሰፋ። ይህኛው «በነፃ» ተብሎ ነበር የቀረበው።

ስምምነት ሥሩ መስማት ነው። ሰማ፣ ተስማማ፤ ሁለት ወገን ተደማምጦ አንድ ነገር ላይ ሲደርስ። በግ ተራ ሄደው «ቀንስ» ይላሉ፣ ሻጩ ሰምቶ ይቀንሳል ወይም «አያዋጣኝም» ይላል፤ ተስማሙ የሚባለው ከዚህ በኋላ ነው። ስልኩ ላይ ብቅ ያለው ሳጥን ግን ጆሮ የለውም። «12.99 በዛ፣ 3 ዩሮ ልስጥ» የሚባልበት ቀዳዳ አልተተወም።

ይሁንታ የሚሉም አሉ። ቃሉን እወደዋለሁ። «ይሁን» ላይ «ታ» ቀጥሎ ስም ማውጣት፣ እንደ አዎንታ፣ እንደ አሉታ፣ እንደዚያ ጉደኛ ይሉኝታ፣ ቋንቋችን ቃል አጠረው ለሚሉን በቂ መልስ ነው። ችግሩ ይሁንታ ሰጪው ከላይ የተቀመጠ መሆኑ ነው። የምክር ቤት ይሁንታ፣ የወላጅ ይሁንታ እንላለን፤ እነሱ ከከለከሉ ጉዳዩ ይቆማል። እዚህ ግን ተጠቃሚው «አልፈቅድም፣ አልከፍልም» ቢል ደጅ የሚቀረው ራሱ ነው።

አንድ ወዳጄ «በውድ ወይ በግድ በለውና ተገላገል» አለኝ። መቼም ሳያስቀኝ አልቀረም። ውድ መውደድም ነው፣ የዋጋ መናርም ነው፤ የከፈለው በውድ፣ ያልከፈለው በግድ! ግን ይህ አባባል ግብር ሲጣልም ሙሽራ ሲዳርም የሚሠራ ነው፤ የምን ጉዳይ እንደሆነ አይለይም።

እኔ የምመርጠው «ወይ ፍቀድ ወይ ክፈል» ነው። ፈቀደ በግዕዝ ሻተ፣ ወደደ ማለት ነው። በአማርኛ ፈቃድ ያንን መሻት እንደያዘ፣ መሥሪያ ቤት ማኅተም የሚያሳርፍበት ወረቀትም ሆኗል። ሰውን «ፍቀድ» ብሎ ማዘዝ ታዲያ ከራሱ ጋር ይጣላል፤ መሻት በትእዛዝ አይመጣም። ለዚህ ነው የወደድኩት። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የሚሠራበት የአውሮፓ የዳታ ጥበቃ ደንብ ፈቃድ በነፃነት የተሰጠ ይሁን ይላል፤ የአውሮፓ ኮሚሽንም በኤፕሪል 2025፣ በዲጂታል ገበያዎች ሕግ፣ ሜታን 200 ሚሊዮን ዩሮ የቀጣው ሰውን በሁለቱ መካከል ብቻ አቁመሃል ብሎ ነው። አማርኛው ክርክሩን በሁለት ትእዛዝ አንቀጽ ጨርሶታል። «ወይም» ያላልኩትም አውቄ ነው። «ወይም» ሻይ ወይም ቡና ነው፤ «ወይ ግባ ወይ ውጣ» ሲባል ግን ሰው መፈናፈኛ እንዳጣ ይገባዋል።

«ክፈል ለወንድ ነው፣ ሴቷስ?» የሚል ይመጣል፤ ልክ ነው። ስልኩ ላይ ሲጻፍ «ይፍቀዱ» «ይክፈሉ» ይባል፤ ለሁለቱም ይሆናል፣ አክብሮትም ነው። የአሠራሩ ስም ሲሆን ግን አንቱታው ነገሩን ያለዝበዋል፤ እዚያ «የወይ ፍቀድ ወይ ክፈል አሠራር» እንዳለ ይቀመጥ።

እኛም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለን። («መረጃ» ሳይባል «ዳታ» መባሉ አልከፋኝም፤ መረጃ የዜናውንም የደኅንነቱንም ሸክም ብቻውን ተሸክሞ ጎብጧል።) መመሪያ አርቃቂዎች ወደ ፈቃድ ጉዳይ ሲደርሱ ስምምነትን ሁለት ወገን ለተደማመጠበት ውል ቢተዉት ጥሩ ነው።