የፓን አፍሪካ ፓርላማ እና የኢትዮጵያ መራጭ

የፓን አፍሪካ ፓርላማ የአፍሪካ ኅብረት ምክር ቤት ነው። መጋቢት 9 ቀን 1996 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሥራ ጀምሮ፣ ኋላ መቀመጫው ደቡብ አፍሪካ ሚድራንድ ሆነ። እያንዳንዱ አባል አገር አምስት እንደራሴ ይልካል፤ ቢያንስ አንዷ ሴት ትሆናለች። እንደራሴዎቹን የሚመርጠው ግን የየአገሩ ምክር ቤት እንጂ ሕዝቡ ስላልሆነ፣ የሚቆጠር የመራጭ ተሳትፎ የለውም።

ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ ምርጫ፣ አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር ተሰልፎ የመረጠ ሰው፣ እንደ ማንኛውም የአዲስ አበባ መራጭ፣ ጣቱን ቀለም ተቀብቶ ሁለት ድምፅ ሰጥቷል፤ አንዱን ለተወካዮች ምክር ቤት፣ ሌላውን ለከተማው ምክር ቤት። ለአህጉሩ የሚሰጠው ሦስተኛ ድምፅ አልነበረም፤ የኅብረቱ ዋና መሥሪያ ቤት ግን ከሰፈሩ ብዙ አይርቅም። ፓርላማው ከማማከር ያለፈ ሥልጣን ስለሌለው ስሙ በሰፈር ወሬ ባይነሳ አያስገርምም። ሕግ የማውጣት ሥልጣን የሚሰጠው የማላቦ ፕሮቶኮል በ2014 እ.ኤ.አ. ቢወጣም፣ በቂ አገሮች ሳያጸድቁት ዓመታት አልፈዋል።

ሥልጣን መጨመሩም ብቻውን መራጭን አይስብም። በቀጥታ የሚመረጠው የአውሮፓ ፓርላማ ሥልጣኑ እያደገ ሳለ፣ በ1979 እ.ኤ.አ. 62 በመቶ ገደማ የነበረው ተሳትፎ በ2014 ከ43 በመቶ በታች ወርዶ፣ በ2019 ወደ 51 በመቶ ገደማ አንሰራርቷል።