የቤት ኑሮ በአሮጌ ፎቶግራፍ

በታሪክ መጻሕፍት ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት በሰፊው እናነባለን። አያቶቻችን በቤታቸው ምን ለብሰው፣ በምን ላይ ተቀምጠው፣ ልጆቻቸውን እንዴት ያሳድጉ እንደ ነበር የሚናገረው ገጽ ግን ጥቂት ነው። ይህን ጉድለት በከፊል የሚሞላልን በየቤቱ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠው አሮጌ ፎቶግራፍ ነው።

ፎቶግራፍ በአገራችን በመጀመሪያ ከቤተ መንግሥት ብዙም የራቀ አልነበረም። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ዳግማዊ ምኒልክን በማንሣት ይታወቃል፤ ልጆቹም ከእርሱ በኋላ ለቤተ መንግሥት በዚሁ ሙያ ሠርተዋል። በውጭ አገር ግን በ1900 እ.ኤ.አ. የኮዳክ ኩባንያ ብራውኒ የተባለውን የሣጥን ካሜራ በ1 ዶላር ለገበያ ስላቀረበ፣ ሙያ የሌለውም ሰው ቤተሰቡን ለማንሣት ቻለ። እንዲህ ያለው ቀላል ካሜራ ቆይቶ ወደ አንዳንድ የአዲስ አበባ ቤቶችም ገባ።

የሣጥን ካሜራ ብዙ ብርሃን ይፈልጋል። ስለዚህ ቤተሰቡ ወደ ግቢ ይወጣል፤ ወንበሩም አብሮ ይወጣል። ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፣ ወጣቶች ከኋላ ይቆማሉ፣ ሕፃናት ከፊት ይደረደራሉ፤ ጋቢና ኮት፣ የሐበሻ ቀሚስና የትምህርት ቤት ልብስ በአንድነት ይታያሉ። አንሺው ፀሐይን ከጀርባው ስለሚያደርግ፣ አንዳንድ ጊዜ ጥላው በሥዕሉ ግርጌ ተጋድሞ እናያለን። አባት ከልጆቹ መካከል ባይታይ፣ ጥላው አለ።

ማድ ቤቱ ግን ጨለማ ስለ ነበረ አልተነሣም። ምጣዱም ጭሱም ሊጡን ያቦኩት እጆችም በሥዕሉ የሉም። እናቶቻችን ነጭ ለብሰው ቆመው ስናያቸው፣ ከዚያ በፊት ከሌሊት ጀምሮ የደከሙትን ድካም ፎቶግራፉ አይነግረንም። ካሜራ ያልነበረው ቤት ሁሉ፣ ይኸውም የአገራችን አብዛኛው ቤት፣ ከዚህ ታሪክ ውጭ ቀርቷል። እንግዲህ ፎቶግራፍ እውነተኛ ምስክር ቢሆንም፣ ፀሐይ የደረሰበትን ብቻ የሚመሰክር ነው።

የተነሣውም ሁሉ አልተረፈም። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ፣ ይልቁንም በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ፣ አንድ ሰው ከማን ጋር እንደ ቆመ የሚያሳይ ሥዕል ያስጠረጥር ስለ ነበረ፣ ፎቶግራፋቸውን የደበቁና ያቃጠሉ ቤተሰቦች ነበሩ።

የተረፈውን ደግሞ ዛሬ የሚያጠፋብን እሳት አይደለም፤ ስም አለመጻፍ ነው። ፊቶቹን ለይተው የሚያውቁ አረጋውያን ከዓመት ወደ ዓመት ይቀንሳሉ። ስለዚህ እኛ በዚህ ዓመት ትምህርታችንን የምንፈጽም ተማሪዎች፣ አያቶቻችን በሕይወት ሳሉ ከጎናቸው ተቀምጠን እንጠይቅ። ቀለም ወደ ፊት ሊዘልቅ ስለሚችል፣ ስሙን፣ ቦታውንና ዓመቱን በለስላሳ እርሳስ ከጀርባው እንጻፍ። ካሜራው ስላልደረሰበት ስለ ማድ ቤቱም ጠይቀን በደብተር እንመዝግብ። በስልካችን ያከማቸነው ብዙ ሥዕልም ስም ካልተጻፈለት፣ ነገ የማይታወቁ ሰዎች ክምር ይሆናል።

ስሙ የተጻፈለት ግን ለሚመጣው ትውልድ ዘመድ ሆኖ ይኖራል።